የውድድር ሞተር በቤት ጋራዥ፦ የቶዮታ 4ኤ-ጂኢን ከባዶ ብሎክ እስከ መጀመሪያው ውድድር

የውድድር ሞተር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዕቃ ነው። ፎርጅድ (ተቀጥቅጦ የተሠራ) ፒስተን፣ ትልቅ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ለየሲሊንደሩ የራሱ ትሮትል (የአየር መግቢያ በር)። እኔ ግን ለጀማሪ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ማይክሮሜትር (የመቶኛ ሚሊሜትር ልዩነት የሚያነብ መለኪያ) አለህ ወይ? ውድ ዕቃ የገባበት ሞተር ክፍተቱ ካልተለካ ብሮንዚኑን (ዘንጉ በዘይት ላይ የሚዞርበትን ለስላሳ ቅርፊት) ይበላል። መካከለኛ ዕቃ የገባበት፣ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ተለክቶ ደብተር ላይ የሰፈረለት ሞተር ከውድድር ውድድር ይሮጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመግጠም ይልቅ መለካት ላይ ይበዛል።

እንደ ምሳሌ የምወስደው የቶዮታ 4ኤ-ጂኢ ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ነው። በ1983 በፈረንጆች አቆጣጠር ኮሮላ ሌቪንና ስፕሪንተር ትሩኖ ላይ ተገጥሞ የወጣ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሜ፣ የፒስተኑ ጉዞ 77 ሚሜ፣ ይዘቱ 1587 ሲሲ። ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ራስ) የተሠራው በያማሃ እገዛ ነው። በሰሜን አሜሪካ የፎርሙላ አትላንቲክ ውድድር ይኸው ሞተር ተዘጋጅቶ ወደ 240 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ለእኛ ለኢትዮጵያ ሰው ሌላም ጥቅም አለው። 4ኤ-ጂኢው ራሱ እንደ ልብ ባይገኝም የዘመዶቹ የ4ኤ-ኤፍኢ፣ የ5ኤ-ኤፍኢና የ7ኤ-ኤፍኢ ሞተሮች የተገጠሙባቸው ኮሮላዎች መንገዳችን ላይ ሞልተዋል። ሜካኒኩም ቶርኖ ቤቱም የዚህን ቤተሰብ ብሎክ በደንብ ያውቀዋል።

ከመግዛት በፊት

ብሎኩን ስትመርጡ ጎኑ ላይ ያሉትን ቋሚ ጎድኖች ቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹ ብሎኮች ባለ ሦስት ጎድን ናቸው። በኋላ የወጡት ባለ ሰባት ጎድን ሲሆኑ የበለጠ ጠንካራ ናቸው። በኋለኞቹ የቢዬላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚን የሚቀመጥበት የኮሎ (የሞተሩ ዋና የሚዞር ዘንግ) አንገት ከ40 ወደ 42 ሚሜ፣ የፒስተኑ ፒን ደግሞ ከ18 ወደ 20 ሚሜ አድጓል። ምርጫ ካላችሁ ባለ ሰባቱን ውሰዱ። ከሌላችሁ ባለ ሦስቱም ለመጀመሪያ ሥራ በቂ ነው፤ ፒስተንና ቢዬላ ስታዝዙ ግን የትኛው ብሎክ እንደሆነ መናገር እንዳትረሱ። ሁለቱ አይቀያየሩም።

ቀጥሎ የምትወዳደሩበትን ክፍል ደንብ አንብቡ። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ገንዘብ የሚቃጠለው እዚህ ነው። ክፍሉ 1600 ሲሲ ነው እንበል። ብዙ ሰው የተለመደውን የ0.5 ሚሜ ኦቨርሳይዝ (ከፋብሪካው የሚሰፋ) ፒስተን ያዝዛል። ሲሊንደሩ 81.5 ሚሜ ሲሆን ይዘቱ ወደ 1607 ሲሲ ይወጣል። ከክፍሉ ውጪ ሆናችሁ ማለት ነው። በ81.25 ሚሜ ከሆነ ግን 1597 ሲሲ ነው፣ ታልፋላችሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ስፋቱን በራሱ አባዙ፣ በ0.7854 አባዙ፣ በጉዞው አባዙ፣ በአራት አባዙ። ስፋቱንና ጉዞውን በሴንቲሜትር ካስገባችሁ መልሱ በሲሲ ይወጣል።

ግባችሁንም አስቀድማችሁ ወስኑ። ለመጀመሪያ ሞተር እኔ የምመክረው 8000 ዙር በደቂቃ፣ 11 ለ1 ኮምፕረሽን (አየሩና ነዳጁ የሚታመቁበት ምጣኔ)፣ በባሕር ወለል ከፍታ ከ150 እስከ 160 የፈረስ ጉልበት ነው። በ8000 ዙር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 20.5 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጥሩ ቢዬላና ጥሩ የቢዬላ ቡሎን ካለ ይህ የሚቻል ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ መውጣት የሚፈልግ መጀመሪያ ይህን ሠርቶ ይማርበት።

መሣሪያ

ከ25 እስከ 50 እና ከ75 እስከ 100 ሚሜ የሚለኩ ሁለት ማይክሮሜትሮች፣ የውስጥ ስፋት የሚለካ ቦር ጌጅ፣ ማግኔት መቆሚያ ያለው ዳያል ጌጅ (እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ)፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለኩ ስስ የብረት ቅጠሎች)፣ ቶርክ ሬንች (የማሰሪያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ)፣ የዲግሪ ጎማ፣ እስከ 0.1 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ በሲሲ የተሰመረ የላቦራቶሪ ቡሬት። የሞተር ስታንድና ማንሻ መከራየት ወይም መዋስ ይቻላል። ማይክሮሜትር ግን የራሳችሁ ይሁን። የተዋሳችሁት ስንት ጊዜ እንደወደቀ አታውቁም።

ሞተር ሲነሳና ሲወርድ ብቻችሁን አትሥሩ። ቤንዚን ያለበት ክፍል ውስጥ አየር ይግባ፣ እሳት የሚያጠፋ ዕቃም እጃችሁ አጠገብ ይኑር። ሌላው ጥንቃቄ የታወቀ ነው።

አፈታት

ሞተሩን ስትፈቱ አትቸኩሉ፤ የድሮው ሞተር ብዙ ነገር ይነግራችኋል። እያንዳንዱን ብሮንዚን ከየትኛው አንገት እንደወጣ ጀርባው ላይ በማርከር ጻፉ፣ በቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ። ብሮንዚኑ መሃል ላይ እኩል ከደበዘዘ ጤነኛ ነው። አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ከበላ ቢዬላው ጎብጧል፣ ወይም አንገቱ ቀጥ ብሎ አልተገረዘም። ጥቃቅን ጭረት ከሞላው ቆሻሻ ዘይት ውስጥ ገብቷል። ብርማው ሽፋን ተልጦ የመዳብ መልክ ከታየ ደግሞ ዘይት አጥሮት ነበር፣ ምክንያቱን ሳታገኙ አዲስ አትግጠሙ።

የዋና ብሮንዚን ካፖችና የቢዬላ ካፖች (ብሮንዚኑን የሚይዙት በቡሎን የሚታሰሩ ክዳኖች) ቦታቸውና አቅጣጫቸው መቼም አይቀያየር። ቁጥር ከሌላቸው በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጉባቸው።

ቶርኖ ቤት የሚሠራው

ብሎክ መቦረቅ፣ ኮሎ መግረዝና ባላንስ ማድረግ በቤት አይሞከርም። እናንተ የምትሠሩት ሥራውን በትክክል ማዘዝና ተመልሶ ሲመጣ መለካት ነው።

መጀመሪያ ብሎኩም ቴስታታውም ኮሎውም ይታጠቡ፣ ስንጥቅ እንዳላቸው ይመርመሩ። ለብረቱ የማግኔት ምርመራ፣ ለአሉሚኒየሙ ደግሞ ቀለም የሚሰርግበት ምርመራ አለ። ስንጥቅ ላለው ዕቃ ሌላ ወጪ አታውጡ።

ሁለተኛ፣ ፒስተኖቹ እጃችሁ ሳይገቡ ብሎኩን አታስቦርቁ። ቶርኖ ቤቱ እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ ሲሊንደሩን ለዚያ ፒስተን ይሥራ። የፎርጅድ ፒስተን ክፍተት እንደ ቅይጡ ይለያያል። 2618 የሚባለው ቅይጥ ሲሞቅ ብዙ ስለሚሰፋ ሰፋ ያለ ክፍተት ይፈልጋል። 4032 የሚባለው ጠበብ ያለ ይበቃዋል። ትክክለኛው ቁጥር ከፒስተኑ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ አለ፣ የት ቦታ ላይ እንደሚለካም እዚያው ተጽፏል። ወረቀቱን ለቶርኖ ቤቱ ስጡ።

ሦስተኛ፣ ቶርክ ፕሌት ካላቸው በእሱ ይሥሩ። ቴስታታ ሲታሰር ብሎኩ በጥቂቱ ይጣመማል። ቶርክ ፕሌት ወፍራም የብረት ሰሌዳ ነው፤ በቴስታታው ቦታ ታስሮ ሲሊንደሩ በታሰረ ቅርፁ እንዲቦረቅ ያደርጋል። ሲመለስላችሁ እያንዳንዱን ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ስድስት ቁጥር ነው። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.01 ሚሜ በላይ ከሆነ መልሱት። የሆን (የሲሊንደር ማለስለሻ ድንጋይ) ጭረቶች ወደ 45 ዲግሪ ተሻግረው ይታዩ።

አራተኛ፣ ባላንስ። ፒስተኖቹን ከነፒናቸው በቤት መዝኑ፣ ከቀላሉ ጋር እስኪስተካከሉ ከከባዶቹ የውስጥ ክፍል ትንሽ ትንሽ ፋቁ። የ1 ግራም ልዩነት ውስጥ መግባት አለባቸው። ኮሎው ከነቮላኖው፣ ከፍሪሲዮን ሽፋኑና ከፊት ፑሊው ጋር ቶርኖ ቤት ባላንስ ይደረግ። የፊት ፑሊውን ዳምፐር ለማቅለል ብላችሁ በጠንካራ አሉሚኒየም እንዳትቀይሩት። የኮሎውን ንዝረት የሚውጠው እሱ ነው። በዚህ ሞተር ላይ ኦይል ፓምፑን የሚያሽከረክረው የኮሎው አፍንጫ ራሱ ስለሆነ ንዝረቱ ቀጥታ የፓምፑን ጥርስ ይመታል።

እጥበት

ከቶርኖ ቤት የመጣ ብሎክ ንጹህ ቢመስልም ንጹህ አይደለም። የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎቹን የሚዘጉትን ቡሎኖች በሙሉ አውጡ። በፍል ውሃና በሳሙና፣ ረጅም ቀጭን ብሩሽ በየቀዳዳው እያስገባችሁ እሹት። ሲሊንደሮቹን በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ ግራጫ ከሆነ የሆን ዱቄት አለ፣ ድገሙ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አታቁሙ። ቤንዚን ይህን ዱቄት አያወጣውም፤ ሳሙናና ውሃ ነው የሚያወጣው። እንደጨረሳችሁ በአየር አድርቁና ወዲያው ዘይት ቀቡት፣ እርጥብ ብረት በደቂቃዎች ውስጥ ይዝጋል።

የታችኛው ክፍል

አሁን ዋናው ሥራ ደረሰ። ክፍሉ ጸጥ ያለና ንጹህ ይሁን፣ ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ይጠጋ። ኮሎውና ማይክሮሜትሩ እዚያው ክፍል ያደሩ ከሆነ ንባቡ ይታመናል። ፀሐይ ላይ የቆየ ኮሎ ከመቶኛ ሚሊሜትር በላይ ሊዋሻችሁ ይችላል።

ዋና ብሮንዚኖቹን ብሎኩ ላይ አስቀምጡ፣ ያለ ኮሎው ካፖቹን እሰሩ። የቶዮታ መመሪያ ለዋና ካፕ ቡሎኖች የሚለው 60 ኒውተን ሜትር ነው፤ የተሻለ ቡሎን ከገዛችሁ የቡሎኑ አምራች ያለውን ተከተሉ። ከዚያ የኮሎውን አንገት በማይክሮሜትር ለኩ። 47.985 አነበባችሁ እንበል። ቦር ጌጁን በዚያው ማይክሮሜትር ላይ ዜሮ አድርጉት፣ ከዚያ ብሮንዚኑ ውስጥ አስገቡት። ከላይ ወደ ታች ለኩ እንጂ ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት ጎን ላይ አይደለም፤ እዚያ ሆን ተብሎ ሰፋ ይላል። መርፌው 0.045 ካሳየ ክፍተቱ 0.045 ሚሜ ነው።

ይህ ቁጥር ጥሩ ነው ወይ? የታወቀው የውድድር ደንብ ለአንድ ሚሊሜትር የአንገት ስፋት 0.001 ሚሜ ክፍተት ነው። ለ48 ሚሜ አንገት 0.048፣ ለ42 ሚሜ የቢዬላ አንገት 0.042 ማለት ነው። የፋብሪካው መለኪያ ለዋና ብሮንዚን ከዚህ ይጠብባል፤ እሱ የታሰበው ለጸጥታና ለቀጭን ዘይት ነው። በ8000 ዙር ግን ዘይቱ ማለፊያና ማቀዝቀዣ ቦታ ይፈልጋል። ከዚህ በጣም ማስፋት ደግሞ ግፊቱን ይጥለዋል። አምስቱንም ዋናና አራቱንም የቢዬላ ለኩ፣ ጻፉ። አንዱ ከጠበበ በመጠን የሚለያዩ ብሮንዚኖችን ማቀያየር ይቻላል። የፕላስቲክ ክር የሚሉት መለኪያ ለማረጋገጫ ይሆናል፣ ለውሳኔ ግን አልተማመንበትም።

ክፍተቱ ካማረ ብሮንዚኖቹን የመገጣጠሚያ ዘይት ቀብታችሁ ኮሎውን አስተኙ፣ ካፖቹን ከመሃል ወደ ዳር በሦስት ደረጃ እሰሩ። ከእያንዳንዱ ካፕ በኋላ ኮሎውን በእጅ አዙሩት። በሁለት ጣት መዞር አለበት። አንዱን ካሰራችሁ በኋላ ከከበደ እዚያው አቁሙና ያንን ካፕ ፍቱት። ብዙ ጊዜ ከብሮንዚኑ ጀርባ አንድ ቅንጣት ቆሻሻ ታገኛላችሁ።

ፋሻ። ለውድድር የሚሸጥ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) ብዙ ጊዜ አፉ ጠቦ ነው የሚመጣው፣ በመሞረድ የምታስተካክሉት እናንተ ናችሁ። ፋሻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡ፣ በተገለበጠ ፒስተን ወደ ታች ገፍታችሁ ቀጥ አድርጉት፣ አፉን በፊለር ጌጅ ለኩ። አየር በራሱ ለሚስብ ሞተር የላይኛው ፋሻ ለአንድ ሚሊሜትር ስፋት 0.004 ሚሜ ያህል ይበቃዋል፤ ለ81.25 ወደ 0.33 ሚሜ። ሁለተኛው ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ወደ 0.41። ስትሞርዱ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ አንዱን ጫፍ ብቻ፣ እያንዳንዱን ለራሱ ሲሊንደር። አፉ ቢጠብ ፋሻው ሲሞቅ ጫፎቹ ይገናኛሉ፣ መሄጃ ሲያጣ ሲሊንደሩን ይቧጭራል ወይም ፒስተኑን ይሰብራል። ትንሽ ቢሰፋ ግን የሚጠፋው ጉልበት እምብዛም አይታወቅም። ከተጠራጠራችሁ ወደ ሰፊው ሂዱ።

የቢዬላ ቡሎን ላይ አትቆጥቡ። በከፍተኛ ዙር ሞተርን ለሁለት የሚሰነጥቀው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ኤአርፒን የመሳሰሉ አምራቾች ቡሎኑ ሲታሰር ስንት መለጠጥ እንዳለበት ቁጥር ይሰጣሉ። ከቶርክ ይልቅ ይህ መለጠጥ ይታመናል፤ ቶርክ በቅባቱ ዓይነት ይለዋወጣል። ቡሎኑን ከመታሰሩ በፊት ርዝመቱን ለኩ፣ እሰሩ፣ ድጋሚ ለኩ። ልዩነቱ አምራቹ ያለው ካልደረሰ ጨምሩ። ካለፈ ያንን ቡሎን ጣሉት። ያልታሰረበትን ርዝመት ደብተራችሁ ላይ አኑሩት። ወደፊት ስትፈቱት ረዝሞ ከቀረ ዕድሜው አብቅቷል።

ቴስታታ

እዚህ ትልቁ ፈተና መፍጫ ይዞ ቀዳዳ ማስፋት ነው። የዚህ ሞተር የመጀመሪያው ቴስታታ የአየር መግቢያው ድሮውንም ሰፊ ነው። ከዚህ በላይ ቢሰፋ አየሩ ፍጥነት ያጣል፣ ሞተሩ በመካከለኛ ዙር ይደክማል። ጉልበት ያለው ከቫልቭ መቀመጫው በታች ባሉት ጥቂት ሚሊሜትሮች ላይ ነው። እዚያ ያለውን የፋብሪካ ስለት ብቻ አለስልሱ፣ ቀዳዳውን ከጓርኒሲዮኑ (በሁለት ዕቃ መካከል ከሚገባው ማሸጊያ) ጋር አስተካክሉ፣ ከዚያ አቁሙ።

የቫልቭ መቀመጫው ባለ ሦስት ማዕዘን ይቆረጥ፦ 30፣ 45፣ 60። የሚዘጋው የ45 ዲግሪው መስመር ለመግቢያ ወደ 1.0 ሚሜ፣ ለመውጫ ወደ 1.4 ሚሜ ይሁን። የመውጫ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያስተላልፈው በዚህ መስመር ስለሆነ አታቅጥኑት። ቫልቮቹ ከገቡ በኋላ ቀዳዳው ውስጥ ነዳጅ አፍሱና ጥቂት ቆዩ። ካረጠበ አልዘጋም።

አንድ ነገር አደራ። ይህ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ የቫልቭ ክፍተት ማስተካከያ ሺሙ (ትንሽ የብረት ክብ) ከባኬቱ (በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ካለው ኩባያ) ላይ ነው የሚቀመጠው። በትልቅ ካምሻፍትና በከፍተኛ ዙር ሺሙ ተስፈንጥሮ ሊወጣ ይችላል፣ ከወጣ ቴስታታውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ሺሙ ከስር የሚገባበትን ባኬት ግዙ። ሞላዎቹም ከካምሻፍቱ ጋር የሚሄዱ ይሁኑ። ቫልቩ እስከ መጨረሻው ሲከፈት የሞላው ጥቅልሎች መነካካት የለባቸውም፣ ቢያንስ 1 ሚሜ ይቅር።

ኮምፕረሽን ማስላት

ሻጩ የሚጽፈው "11 ለ1" ግምት ነው። የእናንተን ራሳችሁ ለኩ። ቴስታታውን ገልብጡ፣ ካንዴላና ቫልቮች ይግቡበት። አንድ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ መስታወት መሰል ፕላስቲክ በግሪስ የቃጠሎ ክፍሉ (ነዳጁ የሚቃጠልበት የቴስታታው ጉድጓድ) ላይ ለጥፉ። ከቡሬቱ በቀዳዳው ፈሳሽ እያንጠባጠባችሁ አረፋ ሳይቀር እስኪሞላ ድረስ አፍሱና ስንት ሲሲ እንደወሰደ አንብቡ።

ለምሳሌ 38 ሲሲ ወሰደ። የጓርኒሲዮኑ ቦታ 5.3 ሲሲ ነው። የፒስተኑ ጉብታ 3.5 ሲሲ ይወስዳል። ፒስተኑ ከብሎኩ ገጽ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው 38 ሲደመር 5.3 ሲቀነስ 3.5፣ ማለትም 39.8 ሲሲ ነው። አንድ ሲሊንደር በ81.25 ሚሜ 399.2 ሲሲ ይዘት አለው። 399.2 እና 39.8 ተደምረው ለ39.8 ሲካፈሉ 11.03 ይሆናል። 1 ሲሲ ብትጨምሩ ወደ 10.8 ይወርዳል። ትንሽ ጠብታ ምን ያህል እንደሚለውጥ ታያላችሁ፤ አራቱንም ክፍሎች እኩል አድርጉ።

ቴስታታውን ማሰር

የፋብሪካው አስተሳሰር መጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ከዚያ ድጋሚ 90 ዲግሪ ነው፤ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር። የቡሎኖቹ ርዝመት በሁለቱ ጎን ስለሚለያይ አታቀላቅሏቸው። በስቱድ (በቡሎን ፈንታ ብሎኩ ላይ ተተክሎ በዳዶ የሚታሰር ዘንግ) ከሆነ ይህ ቁጥር አይሠራም፣ የስቱዱን ወረቀት ተከተሉ።

የካምሻፍት ጊዜ

ካምሻፍቶቹ ከመግባታቸው በፊት፣ ቫልቮቹ ሁሉ ዝግ እንዳሉ፣ የመጀመሪያውን ፒስተን ትክክለኛ የላይ ጫፍ ፈልጉ። በዓይን አይሆንም፤ ፒስተኑ ጫፍ አካባቢ ኮሎው በርካታ ዲግሪ እየዞረ እሱ የቆመ ይመስላል። በካንዴላው ቦታ ፒስተን የሚያቆም ዘንግ አስገቡ። የዲግሪ ጎማውን ኮሎው ላይ፣ ከሽቦ የተሠራ ጠቋሚ ብሎኩ ላይ እሰሩ። ኮሎውን ዘንጉን እስኪነካ በቀስታ አዙሩ፤ 34 አነበባችሁ። ወደ ኋላ አዙሩ፣ ከሌላኛው ወገን ሲነካ 38 አነበባችሁ። አማካዩ 36 ነው። ጠቋሚውን በ2 ዲግሪ አስተካክሉና ሁለቱም ወገን 36 እስኪሉ ድገሙ። ዜሮው አሁን እውነተኛ ዜሮ ነው።

ካምሻፍቶቹን፣ የሚስተካከሉ ፑሊዎቹንና ቺንጋውን ግጠሙ። ዳያል ጌጁን መግቢያው ባኬት ላይ አቁሙ። ሞተሩን በመደበኛው አቅጣጫ ብቻ እያዞራችሁ፣ ከከፍተኛው ክፍት 1 ሚሜ ሲቀረው የዲግሪ ጎማውን አንብቡ፤ 74። ጫፉን አልፎ 1 ሚሜ ሲወርድ ድጋሚ አንብቡ፤ 142። ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ 108 ነው። የካምሻፍቱ ወረቀት 106 ካለ ካምሻፍቱን በዞረበት አቅጣጫ ወደፊት መግፋት አለባችሁ። 2 የኮሎ ዲግሪ ፑሊው ላይ 1 ዲግሪ መሆኑን አስታውሱ፤ ካምሻፍት በግማሽ ፍጥነት ነው የሚዞረው። ለመውጫውም እንዲሁ።

ቀጥሎ ፒስተንና ቫልቭ ይነካኩ እንደሆነ አረጋግጡ። የፋብሪካው ባለ 16 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ ቺንጋው ቢበጠስ እንኳ ቫልቭና ፒስተን አይገናኙም። በትልቅ ካምሻፍትና በጉብታ ፒስተን ግን ያ ዋስትና የለም። ፒስተኑ ላይ የልጆች መጫወቻ ሸክላ ጭቃ አድርጉ፣ ቴስታታውን እሰሩ፣ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ፣ ፍቱ፣ ጭቃውን በስለት ቁረጡና ውፍረቱን ለኩ። ለመግቢያ ከ2.0፣ ለመውጫ ከ2.5 ሚሜ በታች ከሆነ ሞተሩን አታስነሱ። የመውጫው የሚበልጠው ፒስተኑ ከኋላ እያሳደደው ስለሚመጣ ነው። ስታዞሩ አንድ ቦታ ጠንከር ካለባችሁ በኃይል አትግፉ።

ዘይት

ኮፓው (ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ዘይቱ ኩርባ ላይ እንዳይሸሽ የሚያግድ ክፍልፋይ አስበይዱ። የመሳቢያው አፍ ከኮፓው ወለል ከ8 እስከ 10 ሚሜ ይራቅ። አዲስ ኦይል ፓምፕ ግጠሙ፤ አሮጌ ፓምፕ ለዚህ ሞተር አይሆንም። ለ1000 ዙር 0.7 ባር የሚለውን የቆየ ልምድ ያዙ፣ በ8000 ዙር 5.5 ባር ገደማ ማለት ነው። የግፊት መለኪያው ባለ መርፌ ይሁን። መብራት ሲበራ አልፎበታል።

የመጀመሪያ ማስነሳት

ካንዴላዎቹን አውጡ፣ ነዳጁን ዝጉ፣ በሞተሪኖ ብቻ የዘይት ግፊቱ እስኪነሳ አዙሩ። በየመሃሉ ሞተሪኖው ይብረድ። ግፊት ሳይታይ ማስነሳት የለም። የማቀጣጠያውን ጊዜ በስትሮብ መብራት አረጋግጡ፤ የእሳት ተራው 1-3-4-2 ነው።

ከተነሳ በኋላ በስራ ፈት ዙር አታቁሙት። አዲስ ካምሻፍት ከባኬቱ ጋር የሚተዋወቀው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፤ ከ2000 እስከ 2500 ዙር 20 ደቂቃ ያህል ያዙት። ሚኒራል ዘይት ተጠቀሙ፣ ሲንተቲኩ በኋላ ይደርሳል። አንድ ሰው ሙቀትና ግፊት ይመልከት፣ ሌላው የሚንጠባጠብ ነገር ይፈልግ።

ዘይቱን ቀይሩ፣ የድሮውን ፊልትሮ ቆርጡና ወረቀቱን ዘርጉት። ጥቂት ብልጭ የሚል ዱቄት ይኖራል፣ የተለመደ ነው። ቅርፊት የሚመስል ብረት ካለ ግን ሞተሩን አታስነሱ። ፋሻው የሚቀመጠው ደግሞ በጭነት ነው። በሦስተኛ ማርሽ ከ3000 እስከ 5500 ዙር ነዳጅ እየረገጡ መሄድ፣ ከዚያ እግር አንስቶ በሞተር መቀነስ፣ ደጋግሞ። ቀስ ብሎ ለረጅም ጊዜ መንዳት ሲሊንደሩን ያለሰልሰዋል እንጂ ፋሻውን አያስቀምጠውም።

ከፍታና ማስተካከል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየር በራሱ የሚስብ ሞተር ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በባሕር ወለል 150 የሚሰጠው እዚህ 115 ገደማ ቢሰጥ ሞተሩ ታሟል ማለት አይደለም። የኮምፕረሽን መለኪያውም ዝቅ ብሎ ያነባል፤ ከውጭ አገር መመሪያ ቁጥር ጋር አታወዳድሩት፣ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድሩ።

አደገኛው ግን ተቃራኒው ነው። በቀጭን አየር ሞተር ቶሎ አያንኳኳም (ነዳጁ ያለአግባብ በኃይል አይፈነዳም)፣ ስለዚህ እዚህ ከፍተኛ ኮምፕረሽንና ቀደም ያለ እሳት ሁሉ ደህና ይመስላል። ያንኑ መኪና ጭናችሁ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ ስትወርዱ በደንብ የሚሞላ አየር ያገኛል፣ ያንኳኳል፣ ፒስተን ይቀልጣል። የማቀጣጠያና የነዳጅ ካርታው እንደሚወዳደሩበት ከፍታ ይስተካከል። የምታስተካክሉት ኮምፒውተርም የአየር ግፊት የሚያነብ ሴንሰር ይኑረው።

በሙሉ ትሮትል የአየርና ነዳጁ ምጣኔ 12.8 ለ1 አካባቢ ይሁን፣ በሰፊ ክልል በሚያነብ የኦክስጂን ሴንሰር እየተከታተላችሁ። እሳቱን በትንሽ በትንሹ አስቀድሙ። ጉልበት መጨመሩን ሲያቆም 1 ወይም 2 ዲግሪ መልሱ። ከእያንዳንዱ ሙሉ ጉዞ በኋላ ካንዴላ አውጥታችሁ ነጩን ሸክላ በማጉያ ተመልከቱ። እንደ በርበሬ የተረጨ ጥቁር ነጥብ ወይም የአሉሚኒየም ብልጭታ ካያችሁ እያንኳኳ ነው፣ ጆሯችሁ ባይሰማም።

ከመጀመሪያው ውድድር በኋላ

የቫልቭ ክፍተቱን ድጋሚ ለኩ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ ፊልትሮውን ዳግም ቆርጡት። ሞተሩ ገና ሙቅ እያለ የአየር ማፍሰስ ፍተሻ አድርጉ። በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ገብቶ ስንት በመቶ እንደሚያመልጥ የሚነበብበት ነው። የሚነበበው በመቶኛ ስለሆነ ከፍታ አያሳስተውም። ከ5 በመቶ በታች ግሩም ነው። ከ10 ካለፈ አየሩ በየት እንደሚወጣ አዳምጡ። በማርሚታው ከሰማችሁት የመውጫ ቫልቭ ነው። በትሮትሉ ከሆነ የመግቢያው። በዘይት መሙያው ከነፋ ፋሻው ነው። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን አልያዘም፤ ቴስታታውን አንሱ፣ በቀጥ ያለ ብረት ጠፍጣፋነቱን ፈትሹ፣ ከ0.05 ሚሜ በላይ ከተጣመመ አስላጡት፤ ከተላጠ በኋላም የክፍሎቹን ሲሲ ድጋሚ ለኩ።